ከተነገረ በኋላ የሰማሁት

ዐረብኛ የተማርሁት ከአጥር ማዶ ነው። መተማ ዮሐንስ ውስጥ፣ ከእኛ ቤት በአንድ የቆርቆሮ አጥር የሚለዩ የነጋዴ ቤተሰብ ነበሩ። የቤቱ እመቤት በእናታቸው ሱዳናዊት ናቸው፤ እኛ የሰፈሩ ልጆች «ኻልቲ» እንላቸው ነበር፣ አክስቴ ማለት ነው። አባቴና እናቴ ማሽላ ሊያርሙ ማሳ ሲወርዱ እኔን እሳቸው ዘንድ ትተውኝ ይሄዳሉ። ከልጆቻቸው ጋር እየበላሁ፣ ከልጆቻቸውም ጋር እየተገረፍሁ አደግሁ። ስሜን መጻፍ ሳልችል በሁለት ቋንቋ መሳደብ እችል ነበር።

ይኼ ነገር አንድ ቀን ሥራ ይሆነኛል ብዬ አስቤ አላውቅም። አገባሁ፣ ወለድሁ፣ ልጆቼን ለትምህርት ጎንደር ላክሁ። በመኸር ጊዜ የሰሊጥ መጋዘን ገብቼ ከሴቶቹ ጋር ሰሊጥ አበጥራለሁ፤ ሌላውን ጊዜ ቤቴ ነኝ። ባለቤቴ ትራክተር ነጂ ነው። አብደራፊ አካባቢ ካሉት እርሻዎች በአንዱ ስለሚከርም፣ ክረምቱን የማሳልፈው ብቻዬን ነው። በማዶ፣ ሱዳን ውስጥ፣ ጦርነት ተነስቶ ሰዉ ድንበሩን እየተሻገረ መምጣት ሲጀምር፣ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ጎረቤቴ አንድ ጠዋት በሬን አንኳኳች።

«ሰዎቹ የሚሉት አይገባንም። አንቺ ዐረብኛ ትችያለሽ። ሁለት ቀን ብቻ መጥተሽ አግዢን» አለችኝ።

ሁለት ቀን ያለችው ዓመት አለፈው።

ዶክተሩ ጠረጴዛው ጋ፣ ታማሚው አልጋው ጫፍ ላይ፣ እኔ በመካከላቸው በርጩማ ላይ እንቀመጣለን። ዶክተሩ የጎጃም ልጅ ነው፤ ሲናገር አገሩ ወዲያው ይታወቃል። በመጀመሪያው ሳምንት «እርስዎ» ስለው አንገቱን ደፍቶ፣ «እትዬ፣ በእናቴ ዕድሜ ነዎት፤ አንተ ይበሉኝ» አለኝ። እሱ ግን እኔን አንቺ ብሎኝ አያውቅም።

ሥራውን ስጀምር ጥሩ አስተርጓሚ ማለት ፈጣን አስተርጓሚ ይመስለኝ ነበር። ዶክተሩ ይጠይቃል፤ የሚፈልገውን አውቃለሁ። ታማሚው መናገር ሲጀምር ጆሮዬ የሚጠብቀው ያንኑ የተጠየቀውን ብቻ ነው። የት ነው የሚያምህ? ሆዴን። ስንት ቀንህ ነው? አራት። መልሱን እንደያዝሁ ወደ አማርኛ አዞረውና እወረውራለሁ። የቀረውን፣ መንገድ ላይ ስላጋጠማቸው፣ ስለ ጠፋባቸው ዕቃ፣ ስለ አገራቸው የሚሉትን፣ እየሰማሁ አልፈዋለሁ። ውጭ ሃምሳ ሰው ቆሞ እየጠበቀ ይኼን ሁሉ ማን ያስተረጉማል? ነርሷም «አንቺ ባትኖሪ ሰልፉ አያልቅም ነበር» ትለኛለች። ደስ ይለኝ ነበር።

የዚያን ቀን ነሐሴ ነበር። ከሰዓት በኋላ አንዲት ወጣት እናት፣ አራት ዓመት የሚሆናት ልጅ ታቅፋ ገባች። ከኋላዋ አማቷ ተከትለዋታል፤ ነጠላ መሳይ ነጭ ቶባቸው እስከ ጉልበታቸው በጭቃ የተነከረ፣ ቀጭን አሮጊት ናቸው። እንደ አገራቸው ወግ «ሐቦባ» አልኋቸው፣ አያቴ እንደማለት። ራሳቸውን ነቅነቅ አደረጉና ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። ወንበር ባመጣላቸውም አልቀመጥ አሉ።

ልጅቷ ትቃጠላለች። ዶክተሩ ደረቷን አዳመጠ፣ ጆሮዋን አየ፣ ጉሮሮዋን በባትሪ አብርቶ ተመለከተ። ለወባ የተወሰደው ደም ነጻ መሆኑን ነርሷ ነገረችው፤ እሱም መርፌ አዘጋጅታ እንድትመጣ ላካት። ይኼን ሲያደርጉ ሰማዩ ጠቁሮ ነበርና ዝናቡ ባንዴ ወረደ። የእኛን አገር ዝናብ በቆርቆሮ ጣራ ሥር ሆኖ የሰማ ያውቀዋል። አጠገብህ ያለው ሰው አፉ ሲንቀሳቀስ ታያለህ እንጂ የሚልህን መስማት ትግል ነው።

«ትኩሳቱ ከጀመራት ስንት ቀን ሆነ?» አለ ዶክተሩ ጮክ ብሎ።

ጥያቄውን አቀበልኋት። እናትየዋ ወደ ልጇ እያየች መለሰች። «ተላታ» የምትለውን ያዝሁ፣ ሦስት ማለት ነው። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ሌላ ነገር ቀጠለች፤ አሮጊቷም ከግድግዳው ጋ ሆነው በቁጣ አንዲት ቃል ጣል አደረጉባት። እኔ ግን «ሦስት» የምትለውን ይዣለሁ።

«ሦስት ቀን» አልሁት።

ዶክተሩ ብዕሩን አንስቶ ሊጽፍ ሲል ቆም አለ። ቀና ብሎ አየኝ።

«እትዬ፣ እሷ እኮ ብዙ ተናገረች። እርስዎ ሁለት ቃል ብቻ ነገሩኝ። ከሦስት ቀን በኋላ ምን አለች?»

አፌ ላይ የነበረው መልስ «ምንም» ነው። እውነቴን ነው፤ ሰምቻለሁ ብዬ አላሰብሁም። ግን የእሱ ጥያቄ እንደ መጣ፣ አንድ ነገር ጆሮዬ ውስጥ እንዳለ ተሰማኝ። ትርጉም የለውም፣ ድምፅ ብቻ ነው። ነርሷ መርፌውን በሳህን ይዛ እየገባች ነበርና ልትናገር አፏን ስትከፍት፣ ሳላስበው እጄን አንስቼ አስቆምኋት።

«ዝም በዪ! አንድ ጊዜ ዝም በሉልኝ!»

ዓይኔን ጨፈንሁ። የሴትየዋን ድምፅ ነው የፈለግሁት፣ ዝናቡን ትቼ፣ የአሮጊቷን ቁጣ ትቼ፣ ያንን ዝቅ ያለውን። መጀመሪያ የመጣልኝ የዓረፍተ ነገሩ ጅራት ነበር፤ «ኢብራ»። መርፌ። ከእሱ ፊት «ወርም» የሚል አለ፤ አበጠ። ከዚያም የመጀመሪያዋ ቃል፣ ከሁሉም ይበልጥ የደከመችው፣ ልታመልጠኝ ስትል ደረስሁባት። «አኹሃ»። ወንድሟ።

ዓይኔን ስከፍት እናትየዋ እኔን እያየች ነበር።

«ወንድሟ በመርፌ አበጠ፣ ነው ያለችው» አልሁ።

ዶክተሩ ለነርሷ በእጁ ምልክት ሰጣት፤ ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «የትኛው ወንድሟ? አሁን የት ነው? ይጠይቁልኝ» አለኝ።

ጠየቅኋት። እናትየዋ መልስ ከመስጠቷ በፊት አሮጊቷ ገቡበት። «ምንም የለም፤ ልጅቷን ይውጓት፤ እናቷ ደክሟታል፣ የምትለውን አታውቅም» አሉ። አሁን ሁሉንም አስተረጎምሁ፣ የእሳቸውንም። ከዚያ ወደ እሳቸው ዞርሁ።

«ሐቦባ፣ እባክዎ ይተዉዋት፣ ትናገር። እዚህ የሚቆጣ ሰው የለም» አልኋቸው።

አሮጊቷ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እናትየዋም ተናገረች። በዚህ ጊዜ እያንዳንዱን ቃል ነው ያቀበልሁት፣ አንዳንዴ እጄን እያነሳሁ እያስቆምኋት። ልጅቷ ታላቅ ወንድም ነበራት፣ ሰባት ዓመቱ። ድንበሩ ሳይደርሱ፣ መንገድ ላይ ባደሩባት መንደር ታመመ። አንድ ሐኪም ነኝ ያለ ሰው መርፌ ወጋው። ብዙም ሳይቆይ ፊቱ አበጠ፣ ከንፈሩ አበጠ፣ ትንፋሹ ተዘጋ። እሷ ጭንቅላቱን ይዛ ሳለች ሞተ። በማግሥቱ ቀበሩትና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

«ለምን መጀመሪያ አልነገረችንም?» አለች ነርሷ። ቁጣ አልነበረም፤ ደንግጣ ነው።

ይኼን ጊዜ የመለሱት አሮጊቷ ናቸው፣ ፊታቸውን ከግድግዳው ሳያዞሩ። «እኔ ነኝ ዝም በዪ ያልኋት። መርፌ እንፈራለን ካልን፣ እንግዲያው ሂዱ ብለው ይመልሱናል ብዬ ነው። ይችኛዋም እንደዚያኛው በእጃችን ላይ እንዳትቀር ብዬ። ያኔም ውጉት ያልሁት እኔ ነኝ።»

ይኼን ወደ አማርኛ ማዞር አቃተኝ። ጀመርሁና አቋረጥሁ፣ እንደገና ጀምሬ ጨረስሁት። ዶክተሩ ጠበቀኝ።

ያ የተወጋው መድኃኒት ምን እንደነበር የሚያውቅ የለም። ዶክተሩ ቀለሙን ጠየቀ፣ የጠርሙሱን ቅርጽ ጠየቀ፤ የረባ ነገር አልተገኘም። በመጨረሻ በቀስታ ነገራቸው፤ እኔም ቃል በቃል አደረስሁላቸው። «የወንድሟ መድኃኒት እኛ ልንሰጣት ያሰብነው ይሁን ሌላ ይሁን አላውቅም። ወንድም ያበጠበት ነገር እህትንም ያሳብጣል ማለት አይደለም። ግን ከዚህ መርፌ ወገን ያልሆነ፣ በአፍ የሚሰጥ ሌላ መድኃኒት አለን፤ እሱን እንስጣትና እዚህ አጠገባችን ትቆይ። መርፌ ፈራችሁ ብሎ የሚመልሳችሁ ሰው የለም።»

አሮጊቷ ያኔ ነው ወንበሩ ላይ የተቀመጡት።

ዝናቡ ሲያባራ እኔና ነርሷ በረንዳው ላይ ቆመን ነበር። ዶክተሩ እጁን ታጥቦ መጣና አጠገባችን ቆመ።

«አልሰማሁትም ነበር» አልሁት። «እውነቴን ነው። ካልሰማሁት ታዲያ ከየት አመጣሁት?»

«ሰምተውታል» አለ። «ልብ አላሉትም እንጂ። እኔ የአእምሮ ሐኪም አይደለሁም፤ ተማሪ ቤት የተማርሁትን ነው የምነግርዎ። ድምፅ ካለቀ በኋላ ወዲያው አይጠፋም። አእምሯችን ለጥቂት ሰከንድ ይዞ ያቆየዋል፣ ልብ ያልነውንም ልብ ያላልነውንም። ልብ ማለት ደግሞ አሁን ለሚሰማው ነገር ብቻ አይደለም። ወደ ተያዘው ድምፅ ዞር ብለው፣ ከመካከሉ አንዱን መርጠው ማንሳት ይችላሉ። እኔ ስጠይቅዎ ያደረጉት እሱን ነው።»

«ያልተነሳውስ?»

«ያልተነሳው ይደክማል። ሌላ ወሬ ከተደረበበት ደግሞ ቶሎ ነው የሚጠፋው። ሲስተርን ዝም ያሰኙት ለዚያ ነው፤ ሳያውቁት ልክ ሠርተዋል።»

ነርሷ አላመነችም። «እስቲ ፈትናት» አለችው። እሱም በጣቱ ሳይቆጥር፣ ባንድ ትንፋሽ፣ «ማሽላ፣ ቁልፍ፣ ሰኞ፣ ጎማ፣ ውሃ» አለና ትንሽ ቆይቶ «ሦስተኛው?» አለኝ።

«ሰኞ።»

«ሁለተኛው?»

ፈለግሁት። ጆሮዬ ላይ ያለው ሰኞ ብቻ ነው፣ እንደ ደወል። «ጎማ?» አልሁ።

«ቁልፍ ነበር። ሰኞን ሊያነሱ ሲሄዱ ቁልፏን ጣሏት» አለና ሳቀ። ነርሷም ሳቀች። እኔም ስቄያለሁ፤ ግን ሳቄ ቶሎ ነው ያለቀው። ዓመት ሙሉ የጣልኋቸውን እያሰብሁ ነበር።

በተለይ አንድ ሰው አለ። ሰሊጡ ከታጨደ በኋላ፣ በበጋው የመጣ፣ ሽበት ጣል ያደረገበት ረጅም ሱዳናዊ ነበር። ዶክተሩ ምኑን እንደሚያመው ሲጠይቀው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ረጅም ነገር ተናገረ፣ ምናልባት እስከ መቶ ድረስ በሚያስቆጥር ጊዜ። እኔ «ደረቱን ያመዋል» አልሁ። ተመረመረ፤ ደረቱ ደህና ነው ተባለ፤ ማስታገሻ ተሰጥቶት ሄደ። ሲወጣ በሩ ላይ ቆሞ ዞር ብሎ አየኝ። ልጅቷ በመጣችበት ዕለት ማታ ቤቴ ገብቼ ያን ሰው ለማስታወስ ሞከርሁ። እጁ ይታየኛል። የግራ ጫማው በገመድ መታሰሩ ይታየኛል። ድምፁ ግን የለም። ምን ብሎ እንደነበር ዓይኔን ብጨፍን፣ ቤቱ ጸጥ ቢልልኝ፣ የሚመጣ ነገር አልነበረም። ስደተኞቹ ያሉበት ካምፕ ድረስ ሄጄ ጠየቅሁ፤ ጫማው የታሰረ ረጅም ሰው ብሎ መፈለግ ምን ዋጋ አለው? ይቅርታ እንኳ የምለው ሰው አላገኘሁም።

ከዚያ በኋላ አሠራራችንን ቀየርን። ታማሚው ተናግሮ ሲጨርስ እኔ እጄን አነሳለሁ። እጄ እስኪወርድ ድረስ ክፍሉ ውስጥ ማንም አይናገርም፤ ሳህንም አይንኳኳም፣ በርም አይከፈትም። ሰው ረጅም ሲናገር ደግሞ በየመካከሉ አስቆመዋለሁ። ሰልፉ ረዘመ። የጤና ጣቢያው ጥበቃ «እናትዬ፣ ዛሬ ደግሞ ጸሎት ላይ ነሽ?» እያለ ያሾፍብኝ ነበር። አንድ ቀን እሱ ራሱ ሆዱን አሞት ገብቶ፣ በአማርኛ ሲናገር ዶክተሩ ጣልቃ ቢገባበት «ቆይ፣ አልጨረስሁም!» ብሎ ተቆጣ። ከዚያ ወዲህ ማሾፉን ትቷል።

ነገሩ ቤቴም ድረስ ተከተለኝ። ባለቤቴ በየሁለት ሦስት ቀኑ ከእርሻው ይደውላል። ኔትወርኩ ይቆራረጣል፤ እሱም ስንት ዓመት የትራክተር ሞተር ጆሮው ላይ ሲጮህበት ስለኖረ ስልክ ላይ ይጮሃል። እኔ አብዛኛውን ጊዜ «እህ፣ እህ» እያልሁ ነው የማሳልፈው። አንድ ማታ እራት እየሠራሁ ስለ ዝናቡ፣ ስለ አረሙ፣ ስለ ሠራተኛ መጥፋት አወራኝና ዝም አለ። «እህ» አልሁት። ከዚያ ማንኪያውን አስቀመጥሁ። ከአረሙና ከሠራተኛው መካከል፣ ቸኮል ብሎ ያለፈው ነገር ነበር።

«እግሬን ነው ያልኸኝ?» አልሁት።

«ሰማሽው እንዴ?» አለ።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ማረሻው ነካኝ። ትንሽ ነው። ልነግርሽ አልፈለግሁም ነበር፤ አልነግርሽም ማለቱም ከበደኝ።»

ትንሽ አልነበረም። በሁለተኛው ቀን በጭነት መኪና ተሳፍሮ መጣ፤ ቁስሉ አመርቅዞ ነበር። ያችው ነርስ እያጠበች አዳነችው። ሦስት ሳምንት ቤት ዋለ። ከተጋባን ጀምሮ ክረምትን አብረን ስናሳልፍ የመጀመሪያችን ነበር።

ልጅቷ ሦስት ቀን ጤና ጣቢያው ተኝታ ትኩሳቱ ለቀቃት። በአራተኛው ቀን ኮሪደሩ ላይ በባዶ እግሯ ስትሮጥ አገኘኋትና ጫማዋን አጠለቅሁላት። አሮጊቷ እኔን ባዩ ቁጥር ዓይናቸውን ይሰብራሉ። ሊወጡ ሲሉ ግን ጠርተውኝ፣ «ያን ዕለት የተናገርሁትን ሁሉ ለሐኪሙ ነግረሽዋል?» አሉኝ።

«ሁሉንም፣ ሐቦባ።»

«እሱስ ምን አለ?»

«እኒያ አያት ጥፋተኛ አይደሉም፣ ልጁ ታሞ ነበር፣ ማንም ሰው ውጉልኝ ይል ነበር አለ። በማግሥቱ ነው ያለኝ።»

«በማግሥቱ ካለሽ ለምን ዛሬ ትነግሪኛለሽ?» አሉ። ተቆጥተው መስሎኝ ነበር፤ እሳቸው ግን እጄን ይዘው ብዙ ቆዩ።

ወደ መስከረም መጨረሻ እናትየዋ ጎንደር ዘመድ አግኝታ ልትሄድ መሆኑን ልትነግረኝ መጣች። መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት። አሮጊቷ ቀድመው ገብተው ልጅቷን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ሚኒባሱ ሞተሩን አስነስቶ ይንጫጫል፤ ረዳቱ «ሸሕዲ፣ ጎንደር!» እያለ በሩን ይደበድባል። እናትየዋ አጠገቤ ቆማ ስለ ሞተው ልጇ ማውራት ጀመረች። ባሚያ እንደማይወድ። የጭነት መኪና ጥሩምባ አስመስሎ እየጮኸ መንገደኛ እንደሚያስደነግጥ። ተኝቶ እግሩን እህቱ ሆድ ላይ እንደሚጭን። ይኼን የማስተረጉምለት ሰው አልነበረም፤ የጠየቀኝም የለም። እሷ ስታቆም እኔም ዝም እላለሁ፤ ስትቀጥል እሰማለሁ። ረዳቱ ሁለት ጊዜ ጠራን።

ልትገባ ስትል አንድ ነገር ለሹፌሩ እንድነግርላት ጠየቀችኝ። በመስኮቱ በኩል ጠጋ አልሁ።

«ልጅቷን መኪና ላይ ያስመልሳታል፤ መስኮት ጋ ትቀመጥ ትላለች። ጭልጋ ስትደርሱም ትንሽ አቁሙላት። አያትየዋ ደግሞ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ሲወርዱ እጃቸውን ያዝላቸው ብላሃለች።»

«ይኼን ሁሉ አለች?» አለ ሹፌሩ።

«አዎ፣ ይኼን ሁሉ አለች» አልሁት።

ወርዶ የፊተኛውን ወንበር አስለቀቀላቸው።